ያወቀው ልጅ ዝም ሲል

«የዘንድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ አይችልም።» ይህን ከወላጆች እሰማለሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እሰማለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ጓደኞቼም ደጋግመው ያነሱታል። በሰማሁት ቁጥር ይከነክነኛል። በየቀኑ የማያቸው ልጆች ሰነፎች አይደሉማ። ብዙዎቹ የተጠየቁትን ነገር ያውቁታል። ያቃታቸው ያወቁትን በእንግሊዝኛ ማውጣት ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ያላወቀ ልጅና ያወቀውን መናገር ያቃተው ልጅ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሁለቱም ዝቅተኛ ውጤት ያመጣሉ።

የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ክፍል መጨናነቅ፣ ስለ መምህራን ሥልጠና ብዙ ተብሏል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለዚያ ዝምታ ነው። ከየት ይመጣል? ልጁን ምን ያሳጣዋል? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

መጀመሪያ እነዚህ ልጆች ምን እየተጠየቁ እንደሆነ እንይ። በብዙ አገሮች ልጆች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በሚያውቁት ቋንቋ ይማሩና ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ታንዛኒያ ውስጥ ከኪስዋሂሊ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለማዞር ስትወስን፣ ቋንቋውን ገና መማር የነበረባቸው ተማሪዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ብዙ መምህራንም ነበሩ።

ሽግግሩ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ልጁ ላይ ግን በአንድ ክረምት ውስጥ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ፣ ጂኦግራፊው ሁሉ ቋንቋ ይቀይርበታል። አምና እንግሊዝኛ ከትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ትምህርት እንግሊዝኛ ሆነ። ትምህርቱ ራሱ ደግሞ የሚከብደው በዚያው ዓመት ነው። አዲስ ሐሳብ በአዲስ ቋንቋ፣ ያውም በአንድ ጊዜ።

ከሒሳብ አንድ ምሳሌ ላንሳ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የሒሳብ ፈተናውን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ይሄን ለምን እንደተሳሳትኩ አልገባኝም» አለኝ። ጥያቄው ከኤክስ በ6 የሚያንስን ቁጥር በሒሳብ ምልክት ጻፉ ይላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ሲክስ ሌስ ዛን ኤክስ» ተብሎ ነው። ልጁ «6 ሲቀነስ ኤክስ» ብሎ ጽፏል። ቃላቱን በተሰለፉበት ቅደም ተከተል ነው የወሰዳቸው። መጀመሪያ ስድስት፣ ከዚያ ማነስ፣ ከዚያ ኤክስ። ወረቀቱን አጠፍኩትና በአማርኛ ጠየቅኩት። «ከኤክስ በ6 የሚያንስ ቁጥር እንዴት ይጻፋል?» ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰ። «ኤክስ ሲቀነስ 6።»

በአማርኛ ኤክስ ይቀድማል፤ 6 ይከተላል። የቃሉ ቅደም ተከተልና የሒሳቡ ቅደም ተከተል ይገጥማሉ። በእንግሊዝኛ ይገለበጣሉ። ልጁ መቀነስን አሳምሮ ያውቃል። ነጥቡ ግን የተቀነሰበት ከሒሳብ ነው። እንዲህ ያለ ነጥብ ሲጠራቀም ካርዱ ላይ ይታያል። ቤት ውስጥ «ሒሳብ አይሆንለትም» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ራሱ ይህንን ያምናል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ቃላቱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የትምህርት ዓይነቶች አንዱን ቃል ይጋሩታል፤ ግን እያንዳንዱ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። «ፕሮዳክት» ሱቅ ውስጥ ዕቃ ነው። ሒሳብ ውስጥ የማባዛት ውጤት ነው። ኬሚስትሪ ውስጥ ንጥረ ነገሮች ተዋህደው የሚወጣው አዲስ ነገር ነው። «ሶሉሽን» አንዴ መልስ ነው፤ አንዴ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘው ነገር ነው። «ሩት» ባዮሎጂ ላይ የተክል ሥር ነው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የእኩልታ መልስ ይሆናል። «ሚን»ን ልጆቹ ድሮ «ማለት» ብለው ያውቁታል፤ ስታቲስቲክስ ላይ ሲመጣ አማካይ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የፊዚክሱ «ዎርክ» ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው ላብ በላብ ይሆናል፤ በፊዚክስ ቋንቋ ግን ግድግዳው ላይ ምንም «ዎርክ» አልሠራም። ግድግዳው አልተንቀሳቀሰማ። በዚህ ቃል እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ልጅም ግራ ይጋባል። እሱ ግን ግራ የሚጋባው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የእኔ ተማሪ መዝገበ ቃላት ገልጦ መጀመሪያ ያገኘውን «ሥራ» የሚል ትርጉም ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ በዚያ ትርጉም ምዕራፉን ሙሉ አንብቦ፣ ምንም ሳይገባው ይተኛል።

ወላጆች ግራ ገብቷቸው ይመጣሉ። «ልጄ እኮ ፊልም ያለ ትርጉም ነው የሚያየው። ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚቀልደው። ፈተና ላይ ምን ነካው?» ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠን ካናዳዊው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የጨዋታ እንግሊዝኛንና የትምህርት እንግሊዝኛን ለይቶ አሳየ። ካናዳ ውስጥ በስደተኛ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሲመረምር፣ ልጆቹ በሁለት ዓመት ገደማ እንደ ጓደኞቻቸው መጫወት ይችላሉ። በትምህርት ቋንቋ እኩል ለመድረስ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። እነዚያ ልጆች እንግሊዝኛው በየመንገዱ፣ በየጎረቤቱ በሚነገርበት አገር የሚኖሩ ናቸው። ቋንቋውን ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያገኝ ልጅማ ደወል ሲደወል እንግሊዝኛውን እዚያው ትቶት ይወጣል።

ሰው ፊት ለፊት ሲያወራህ ፊቱን ታያለህ፣ እጁን ታያለህ፣ ካልገባህ «ምን?» ትላለህ። የመማሪያ መጽሐፍ ፊት የለውም። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው። ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ «ተደረገ፣ ተገኘ፣ ታወቀ» ይላል። አስቸጋሪዎቹ ደግሞ እኛ የምንጠብቃቸው ቃላት አይደሉም። አንዴ ለተማሪዎቼ አንድ ገጽ የባዮሎጂ ጽሑፍ ሰጠሁና የማታውቁትን ቃል አስምሩበት አልኳቸው። ሁሉም «ፎቶሲንተሲስ»፣ «ክሎሮፊል» የመሳሰሉት ላይ አሰመሩ። እነዚህን ግን የባዮሎጂ መምህራቸው ሥዕል ሥሎ በደንብ አስረድቷቸዋል። «አንለስ» የሚለው ላይ ያሰመረ አልነበረም። «በአንጻሩ» የሚለው «ዌርአዝ» ላይም እንዲሁ። ስለ ትርጉሙ ስጠይቅ ግን ግማሹ «አንለስ»ን «ከሆነ» ብሎ ተረጎመው። «ካልሆነ በስተቀር» የሚለው «ከሆነ» ከተባለ የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ተገለበጠ ማለት ነው። ትልልቆቹን ቃላት ሁሉም ሰው ያስተምራቸዋል። እነዚህን ትንንሾቹን ማን ያስተምራቸው? የባዮሎጂው መምህር የእንግሊዝኛው መምህር ሥራ ነው ይላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ደግሞ ባዮሎጂ ውስጥ እንዴት እንደሚመጡ አያሳይም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ።

ጥያቄ ጠይቄአለሁ። ከኋላ ሁለተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጠች ልጅ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም። ዓረፍተ ነገሩን እያዘጋጀች ነው። እጇን ከጠረጴዛው ትንሽ ታነሳና ትመልሰዋለች። የሆነ ቃል አልጣማትም፣ እንደገና ትጀምራለች። በዚህ መሃል ፊት ወንበር ላይ ካሉት ፈጣኖች አንዱ መልሱን ይወረውራል። ልጅቷ ደብተሯን ታያለች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠርቼ ምን ልትይ ነበር አልኳት። የተናገረችው መልስ ፊት ወንበር ላይ ያለው ልጅ ከመለሰው የተሻለ ነበር።

ማሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች። አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ወይም ሌላ ልጅ ይጠራሉ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፤ ተናግረው የማያውቁ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ሁለተኛ ቋንቋ ላይ ደግሞ ሥራው ይበዛል። ልጁ ጥያቄውን ይሰማል፣ ወደ ራሱ ቋንቋ ይመልሰዋል፣ መልሱን ያገኛል፣ መልሱን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራል፣ ጊዜው አላፊ ነው ወይስ የአሁን ብሎ ያስባል፣ «ሺ» ነው «ሂ» ይላል፣ ከዚያ ድፍረት ይሰበስባል። ይህ ሁሉ እንዴት በአንድ ሰከንድ ያልቃል? አምስት ሰከንድ ጸጥታ ለመምህር በጣም ረጅም ነው። ክፍሉ የተበላሸ ይመስላል። ቢሆንም መጠበቅ ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ መምህር ሊማረው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጊዜ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሳቅ አለ። አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ «ካምፍተብል» ተብሎ የሚነበበውን ቃል «ኮምፎርቴብል» አለው፤ እንደተጻፈው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በማግሥቱ ስሙ «ኮምፎርቴብል» ሆነ። ዕረፍት ሰዓት ላይ ይጠሩበታል፣ ኳስ ሜዳ ላይ ይጠሩበታል። ልጁ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጁን አላወጣም። ሲጠራ ራሱን ይነቀንቃል፣ በቃ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ከሞት የሚብስ ነገር ጓደኛ ፊት መዋረድ ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ልጅ ምንም ቅጣት የለበትም። አፉን ከፍቶ ለተሳሳተ ልጅ ግን ቅጽል ስም ይወጣለታል። ስለዚህ ዝም ይላል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 ኢሌን ሆርዊትዝ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና የውጭ ቋንቋ ክፍል ውስጥ የሚሰማውን ፍርሃት የሚለካ 33 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅታለች። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል። የሚያሳየን ነገር ይህ ፍርሃት ራሱን የቻለ መሆኑን ነው። በሌላ ትምህርት ደፋር የሆነ ልጅ ቋንቋ ክፍል ሲገባ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ምክንያቱን ተማሪዎቼ ላይ አየዋለሁ። በራሱ ቋንቋ ተረበኛ፣ ተከራካሪ፣ የሰፈሩ አለቃ የሆነ ጎረምሳ በእንግሊዝኛ የአምስት ዓመት ልጅ ይሆናል። «አይ ላይክ ፉትቦል» ከማለት አያልፍም። የራሱን ብልህነት ማሳየት አይችልም። ይህ በጣም ያማል። «አፍረህ ነው እንጂ ትችላለህ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

እኔ ክፍል ውስጥ ጥብቅ የሆነ ሕግ አንድ ነው፤ በተናጋሪ አይሳቅም። ሌላውን ሕግ እንደ ሁኔታው አየዋለሁ፤ በዚህ ግን አልደራደርም። ሁለተኛው ልማዴ ደግሞ ማንም ለክፍሉ ከመናገሩ በፊት አጠገቡ ላለው እንዲናገር ማድረግ ነው። አንድ ሰው ፊት የተሞከረ ዓረፍተ ነገር ሃምሳ ሰው ፊት ሲወጣ አይንቀጠቀጥም።

ወደ «ኮምፎርቴብል» ልመለስ፤ ልጁ ላይ ግፍ ነው የተሠራው። ልጁ ያየውን ነው ያነበበው። በፊደላችን ያየኸውን ታነባለህ፤ እንደ ማጥበቅና ማላላት ያሉ ጥቂት ነገሮች ላይ ካልሆነ በቀር ፊደሉ አይከዳህም። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ይዞ 44 ገደማ ድምፆችን ይጽፋል። አጻጻፉ መርጋት የጀመረው ዊሊያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ ባሉት ዘመናት ነው። የአናባቢዎቹ አነጋገር ደግሞ በዚያው ጊዜ እየተቀየረ ነበር፤ እስከ 1700 አካባቢ ቀጥሏል። አፉ ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ። «ናይት» ተብሎ የሚነበበው የፈረሰኛ ወታደር ስም መጀመሪያው ላይ «ኬ» አለው። ድሮ ይነበብ ነበር። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት አብረው ሲመጡ እንደ ቃሉ «ኦው»፣ «ኡ»፣ «አፍ»፣ «ኦፍ»፣ «አው» ይሆናሉ። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ይነሳል። ከዚያ ፊታቸው ሲቀል አያለሁ። ችግሩ እነሱ ጋ ብቻ እንዳልሆነ ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

ድምፁም እንዲሁ ነው። መርከብ ለማለትና በግ ለማለት እንግሊዝኛ የሚጠቀምባቸው ሁለት ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። የድምፁ ርዝመትና ዓይነት ይለያያል፤ ያንን ልዩነት ግን ጆሯችን ሲሰማ አላደገም። ምላስን በጥርስ መሃል አውጥቶ የሚባለው ድምፅም እኛ ጋ ስለሌለ «ስ» ወይም «ት» እናደርገዋለን። እነዚህን ማስተማር ይቻላል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አላጠፋባቸውም። ሰው ከተግባባ ይበቃል። ልጅን በአነጋገሩ አንቆ መያዝ የሚያተርፈው ዝምታ ነው።

የተጻፈ ሥራ ላይም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒት ኮርደር የሚባል የቋንቋ ምሁር የተማሪ ስሕተት የራሱ ሥርዓት እንዳለው ጻፈ። ላሪ ሴሊንከር እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን «መካከለኛ ቋንቋ» ብሎ ሰየመው፤ የመጀመሪያውንም ቋንቋ ያልሆነ፣ የሚማረውንም ያልሆነ፣ ልጁ ራሱ በመንገድ ላይ የሠራው ቋንቋ። «ሄደ» ለማለት «ጎውድ» ብሎ የጻፈ ልጅ ዝም ብሎ አልተሳሳተም። ያለፈ ጊዜ ሲነገር መጨረሻው ላይ «ድ» እንደሚጨመር ገብቶታል። «ዌንት» ደንቡን የጣሰ ቃል መሆኑን ብቻ ነው ያላወቀው። እንዲህ ያለ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ሲታጠብ ልጁ የሚያየው ደም ነው። እኔ በአንድ ድርሰት አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ እመርጣለሁ። ዛሬ ያለፈ ጊዜ ከሆነ፣ ያለፈ ጊዜ ብቻ። ሌላው ለሌላ ቀን። አንዳንድ ወላጆች ሌላው ስሕተት ሳይታረም ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። ልጆቹ ግን ይጽፋሉ፤ እኔ የምፈልገውም ብዙ እንዲጽፉ ነው።

የራስን ቋንቋ ክፍል ውስጥ ስለመጠቀም ብዙ ክርክር አለ። አንዳንድ ቦታ ልጅ በራሱ ቋንቋ በመናገሩ ይቀጣል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዌልስ ውስጥ ዌልሽኛ ሲናገር የተሰማ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ ሌላ ተናጋሪ ሲያገኝ እንጨቱን ያስተላልፋል። በመጨረሻ እንጨቱ እጁ ላይ የተገኘው ይገረፋል። በቅጣት እንግሊዝኛ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ዓለም በቀለለች። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከባድ ጥያቄ ሲሆን አምስት ደቂቃ በራሳቸው ቋንቋ ይወያዩ እላለሁ። ከዚያ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ሐሳቡ ሲጠራ እንግሊዝኛው ይቀላል። ሐሳቡንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ፈልጉ ሲባሉ ሁለቱንም ያጣሉ፤ ወይም መጽሐፉ ላይ ያለውን ሸምድደው ይመጣሉ።

ሽምደዳን ብዙ ሰው ይወቅሳል። ልጁ ሌላ ምን አማራጭ አለው? የራሱን ዓረፍተ ነገር ቢሠራ ይሳሳታል፤ የመጽሐፉን ቢገለብጥ ነጥብ ያገኛል። የሸመደደው ልጅ እኛ የምንሸልመውን ነገር አይቶ ነው ያደረገው።

ስለ ቃላት ብዛት አንድ ስሌት ልሥራ። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው፣ ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር ነው። ክፍል ውስጥ በሳምንት አሥር ቃል ብናስተምር፣ በ36 ሳምንት 360 ይሆናል። በአራት ዓመት 1,440። አንድም ሳይረሳ። አቨሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር 570 ቤተሰቦች ብቻ ነው፤ ከትምህርታዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ይህ ዝርዝር መማር ያለበት ነው፤ ለሁሉም መምህር እመክራለሁ። የቀረውን ግን ሰሌዳ ላይ ጽፎ መጨረስ አይቻልም።

የሚቻለው በማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፊጂ ደሴቶች ላይ በገጠር ትምህርት ቤቶች አንድ ሙከራ ተደረገ። ዋሪክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ ለየክፍሉ 250 ያህል ደስ የሚሉ ቀላል የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ልጆቹ በየቀኑ አነበቡ። በንባብ ችሎታ የተለመደውን ትምህርት ከሚማሩት በእጥፍ ፍጥነት አደጉ። እነዚያ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ናቸው። ነገሩ ግን ለሁለተኛ ደረጃም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ በአንድ ሁኔታ። መጽሐፉ ቀላል መሆን አለበት። ትዕቢታችን እዚህ ላይ ያስቸግረናል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ሲያነብ ማየት ያሳፍረናል። ከባዱን ልብ ወለድ እንሰጠዋለን። በየመስመሩ አምስት ቃል ፈልጎ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይዘጋዋል። አንድ ገጽ ላይ የማያውቀው ቃል ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ ግን ሳያውቀው ምዕራፉን ይጨርሳል። ተማሪዎቼ ውስጥ እንግሊዝኛቸው ቶሎ የተለወጠው አብዛኞቹ ቀላል መጽሐፍ ብዙ ያነበቡት ናቸው። ፊልምና ሙዚቃም ለጆሮ ይረዳል። ለመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ንባብን የሚተካ አላገኘሁም።

«አሁንማ አልፏቸዋል፤ ቋንቋ በልጅነት ነው» የሚሉኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆሹዋ ሃርትሾርንና ባልደረቦቹ ወደ 670 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የመለሱትን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና ተንትነው ነበር። ሰዋስው የመልመድ ችሎታ እስከ 17 ዓመት ገደማ ጠንካራ እንደሆነ አገኙ። እንደ አፍ መፍቻ ለመናገር ቀደም ብሎ መጀመር ይጠቅማል። ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አልረፈደበትም። ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ተስፋ የቆረጡት ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው «ዘገየሁ» ብለው ነውና።

የቀረኝ ፈተናው ነው። ፈተና ላይ ዝምታው ወረቀት ላይ ይታያል። «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ ኤክሴፕት» የሚል ጥያቄ አለ። «ከሚከተሉት ውስጥ የማይሆነው» ማለት ነው። ልጁ «ኤክሴፕት»ን ከዘለላት ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር መርጦ ይሳሳታል። ጥያቄው ባዮሎጂ ከሆነ ባዮሎጂውን አውቆ ወደቀ ማለት ነው። ሁለት አሉታ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሲመጣማ እኔም ደግሜ ነው የማነበው።

የእንግሊዝኛ ፈተና እንግሊዝኛ ቢፈትን ተገቢ ነው። የኬሚስትሪ ፈተና ግን ኬሚስትሪን መፈተን አለበት። ጥያቄውን ማቅለል ማለት ትምህርቱን ማቅለል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሌሎች የትምህርት ዓይነት መምህራን ጋር አንድ ነገር ጀምረናል። ጥያቄው ከመባዛቱ በፊት አብረን እናየዋለን። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለሁለት እንቆርጠዋለን። «ኤክሴፕት» የግድ ካስፈለገ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ይሰመርበታል። አላስፈላጊ ታሪክ ይወጣል። «ተደረገ» የሚለው «ተማሪው አደረገ» ይሆናል። የኬሚስትሪው መምህር መጀመሪያ ላይ «ፈተናውን አታቅልሉብኝ» ብሎ ነበር። አንዱን ጥያቄ በሁለት ዓይነት እንግሊዝኛ ጽፈን ለሁለት ክፍል ሰጠነው። ወረቀቱን አርሞ ሲጨርስ የሁለቱን ክፍሎች መልስ ጎን ለጎን ዘርግቶ አሳየኝ። አሁን ጥያቄዎቹን የሚያመጣልኝ እሱ ነው፤ የፊዚክሱንም መምህር ይዞት መጥቷል።